የታጠበ ስንዴ

አዲስ አበባ፣ አፍንጮ በር
ኅዳር 10 ቀን 1972 ዓ.ም.

ይድረስ አሰላ ለሚገኙት ለወንድም ጋሼ መርሻ፤

እንደምን ሰነበቱልኝ? ባለቤትዎ እትዬ አልጋነሽስ እንዴት ናቸው? እኔና አክስታችን ደህና ነን። ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ሳምንት አልፎታል። ሳልመልስ የቆየሁት ረስቼዎ አይደለም፤ ለጠየቁኝ ነገር መልሱ ለራሴም ጠፍቶኝ ነው።

«ስምንት ዓመት የሽመና መኪና ስትጠብቅ የኖረች ሴት ዳቦ ቤት ገብታ ምን ልትሠራ ነው?» ብለው ስቀውብኛል። አይፈረድብዎትም። አራት ኪሎ ካለው መማሪያ ክፍላችን መጀመሪያ ቀን ስገባ እኔም ይህንኑ ነበር ለራሴ የምለው። አሥራ አራት ነን። ወንዶቹ ከሲሚንቶ፣ ከባቡርና ከማዕድን የመጡ ናቸው፤ ከሴት እኔና የቆዳ ፋብሪካዋ ሙሉእመቤት ብቻ ነን። የሁላችንም ሥራ አንድ ነበር፤ ሠራተኛው እንዳይቆረጥ፣ እንዳይቃጠል፣ ከፍ ካለ ቦታ እንዳይወድቅ መጠበቅ። አሁን የምግብ ፋብሪካዎቹ አደጋ ተከላካይ የላቸውም ተብሎ፣ በሦስት ወር ሥልጠና ወደዚያ ልንዛወር ነው።

መምህራችን ዶክተር ተክላይ ይባላሉ፤ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ናቸው። መጀመሪያ የጠየቁን «በየፋብሪካችሁ አደጋ ሲደርስ ተጎጂውን የት ታገኙት ነበር?» ብለው ነው። የሲሚንቶው ሰው «መኪናው ሥር» አለ። እኔ «መኪናው አጠገብ፣ ጣቷን ጨብጣ ስትጮህ» አልኩ። እሳቸውም «እንግዲህ ጩኸት አትጠብቁ» አሉን። «የአሁኑ ተጎጂያችሁ የፋብሪካውን በር ረግጦት አያውቅም። ቤቱ ተቀምጦ ነው የሚጎዳው። ማን እንደጎዳውም አያውቅም።»

ለተግባር ትምህርት የተመደብኩት ፒያሳ፣ ከጊዮርጊስ ቁልቁል ካለ አሮጌ ዳቦ ቤት ነው። ዋና ጋጋሪው አቶ ኢስሃቅ ሠላሳ ዓመት እዚያው ምድጃ ፊት የቆሙ የስልጤ ሰው ናቸው። ምድጃው በተከፈተ ቁጥር የመጀመሪያውን ዳቦ ራሳቸው ይቀምሳሉ። ወደ ቤት ስመለስ ለአክስታችን ሁለት ዳቦ እይዛለሁ። እኔስ እንደሚያውቁኝ ነኝ፣ ዳቦ ቃር ስለሚያስነሳብኝ አልነካውም። እሳቸው ግን ለጥምቀት የሚደርስ የታቦት ጥላ በወርቅ ክር እየጠለፉ፣ ዳቦውን በሻይ እያሉ፣ የሰፈሩን ወሬ ያወርዱልኛል። ሰላም በይልኝ ብለዋል።

እህትዎ እፀገነት

---

አሰላ
ኅዳር 26 ቀን 1972 ዓ.ም.

ለእህቴ ለእፀዬ፤

ጤናሽ እንዴት ነው? እኛ አለን። ደብዳቤሽን ለአልጋነሽ ሁለት ጊዜ አነበብኩላት። ሦስተኛውን «ራሴ ነኝ የማነበው» ብላ ቀማችኝ፤ የመሠረተ ትምህርት ክፍል ከገባች ወዲህ በቤቱ ውስጥ ያለ ወረቀት ሁሉ የእሷ ሆኗል። ሳቄን እርሺልኝና ይቅርታዬን ተቀበይ። መምህርሽ የተናገሩትን ሳነብ ሥራሽ ቀልድ እንዳልሆነ ገብቶኛል።

ስለ እኔ ደግሞ ልንገርሽ። የመጋዘን ኃላፊ ኑሮ ምን አለው ብለሽ ነው፤ ጆንያ ማስገባት፣ ጆንያ ማስወጣት። መስከረም ላይ ግን ጭንቅ ነበር። የወረዳችን የስንዴ ኮታ ጎድሎ ካድሬው ሦስት ጊዜ መጥቶ ቆሞብኝ ሄደ። ሦስተኛው ቀን ላይ «ጓድ መርሻ፣ የጎደለው ስንዴ ነው ወይስ ልብህ?» አለኝ። የዚህ ዓይነት ንግግር መጨረሻው ምን እንደሆነ አንቺም አገሩም ያውቀዋል። እግዜር ይመስገን ሞላ። በስብሰባ ላይ ተጨበጨበልኝ። እንዴት እንደሞላ ስንገናኝ አጫውትሻለሁ፤ ለወረቀት የሚሆን አይደለም።

አክስቴን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ተማሪ ሳለሁ የተቀደደ ጫማዬን ሳይቀር ሰፍተው ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ጥላውን በጥምቀት መጥቼ ጃንሜዳ ላይ አየዋለሁ በያቸው።

ወንድምሽ መርሻ

---

አዲስ አበባ
ታኅሣሥ 14 ቀን 1972 ዓ.ም.

ወንድም ጋሼ፤

ሰላምታዬ ይቅደም። በመጋዘንዎ ሹፌር እጅ የላኩልኝ ቁራጭ ወረቀት ደረሰኝ። «አንድ ወዳጄ ማወቅ ይፈልጋል፣ የእኔን ስም ሳታነሺ ጠይቂ» ባሉት መሠረት ለዶክተር ተክላይ አንስቼላቸዋለሁ። ተባይ እንዳይበላው መድኃኒት ተለውሶ ቀይ የተቀባ የዘር ስንዴ፣ ቀለሙ እስኪለቅ ቢታጠብ ይበላል ወይ አልኳቸው።

ጠመኔውን አስቀመጡት። «ማን ነው የጠየቀሽ?» አሉኝ። «ከገጠር የጻፈልኝ ሰው» አልኩ። ከዚያ ወዲያ የዕለቱ ትምህርት ይኸው ብቻ ሆነ።

መድኃኒቱ ባዜቃ አለበት አሉን፤ ያ በቴርሞሜትር ውስጥ የምናየው ብልጭልጭ ነገር። ቀለሙ ሰው እንዳይበላው ለማስጠንቀቂያ የተጨመረ ነው። ውሃ የሚወስደው ማስጠንቀቂያውን ነው፤ መርዙ እስንዴው ውስጥ ይቀራል። በአንድ የዓረብ አገር ከጥቂት ዓመታት በፊት ገበሬዎች እንዲህ ያለውን ዘር አጠቡት። ተጠራጥረውም መጀመሪያ ለዶሮ ሰጡት። ዶሮዎቹ ሳምንት ቆይተው ምንም አልሆኑም፤ ሰዉም ጋገረ፣ በላ። ወር ሳይሞላው ጣት መደንዘዝ፣ እግር መሳት፣ ዓይን መጥበብ ጀመረ። ሰው እንደ ቅጠል ረገፈ። አንዴ ከሰውነት ከገባ መልሶ የሚያድን መድኃኒት የለም አሉን። ሙሉእመቤት አለቀሰች። እኔ ማስታወሻ መያዝ እንኳ አቃተኝ።

ስለዚህ ወዳጅዎ እንዳይሞክረው አጥብቀው ይንገሩልኝ። የተረፈውንም ጉድጓድ ቆፍሮ ይቅበረው።

አክስታችን ደህና ናቸው። የጣታቸው ጫፍ ይደነዝዘኛል ይላሉ፤ የታኅሣሥ ብርድ ነው ብዬ የሱፍ ጓንት ገዛሁላቸው።

እፀገነት

---

አሰላ
ታኅሣሥ 24 ቀን 1972 ዓ.ም.

እፀዬ፤

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ለወዳጄ ነግሬዋለሁ። ተጨማሪ እንዳትጠይቂ፤ የእኔንም ስም እንዳታነሺ።

አንድ ነገር ብቻ። መምህርሽ የበላ ሁሉ ይጎዳል ነው ያሉት? ሳምንት ወይም አሥር ቀን ብቻ የበላ ሰውስ?

የአክስቴ ጣት የደነዘዘው መቼ ነው? ዳቦውን ከየት ነው የምታመጪላቸው ነበር ያልሽኝ? ለጊዜው ዳቦ ይተው። ለሆድ ጥሩ አይደለም።

መስመሩ ስለተጣመመብሽ አትቀየሚኝ፤ ብዕሬ ተበላሽቷል።

መርሻ

---

አዲስ አበባ
ጥር 2 ቀን 1972 ዓ.ም.

ወንድም ጋሼ፤

እንኳን ለልደቱ በሰላም አደረሰዎ ማለት ነበረብኝ፤ በዓሉ ግን እኛን አላገኘንም። ቀደም ብዬ ያልጻፍኩልዎ አክስታችን «መርሻን አታስደንግጪብኝ» ስላሉኝ ነው። አሁን ግን እኔው ራሴ ደንግጫለሁ።

የገና ዋዜማ ጥላውን ሊጨርሱ ተቀመጡ። ክሩን ወደ መርፌው ያስጠጋሉ፣ ይስታሉ። ደግመው ያስጠጋሉ። «እፀ፣ ይሄ መርፌ ቀዳዳ የለውም» አሉኝ። ተቀብዬ አንድ ጊዜ ሰካሁት። እጄን ያያሉ። «ቀዳዳ ነበረው እንዴ?» አሉኝ። በስድሳ ዓመታቸው ጣታቸው ሲስት ዓይቼ አላውቅም።

በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ በቀኝ በኩል የቆመውን የመብራት ምሰሶ ሳያዩት ገጩት። «እንደ ቧንቧ ነው የሚታየኝ» አሉኝ፤ «ፊት ለፊት ያለውን አየዋለሁ፣ ጎኑ የለም»። ሲራመዱ እንደሰከረ ሰው ያንገዳግዳቸዋል። የጠጡት ጠላ የለም። ሐኪም ቤት ወሰድኳቸው፤ «ነርቭ ነው» ብለው ቫይታሚን ሰጡን። ከእኛ ፊት የነበረችው ሴት፣ የዶሮ ማነቂያ ሰፈር ሰው ናት፣ እሷም ባሏን ደግፋ ይዛ «እንደ ሰካራም አረገው» ስትል ሰማሁ።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ዛሬ ነው። ዳቦ ይተው ያሉት ለምንድነው? ማን ምን ነገረዎ? ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ከዚህ በላይ እንዳስብ ልቤ እምቢ አለኝ። ነገ ጠዋት ወደ ዳቦ ቤቱ እሄዳለሁ።

እፀገነት

---

አዲስ አበባ
ጥር 8 ቀን 1972 ዓ.ም.

ለወንድም ጋሼ መርሻ፤

ይህ ደብዳቤ ከመድረሱ በፊት ቴሌግራሜ ይደርስዎታል። ለምን እንዳደረግኩት እንዲያውቁ ብዬ ነው የምጽፈው።

የሥልጠናችን የመጨረሻ ሥራ ወደ ኋላ መከተል ነው። አንድ ዳቦ ይዘን፣ ዱቄቱ ከየትኛው ወፍጮ፣ ስንዴው ከየትኛው መጋዘን እንደመጣ እየጠየቅን እስከ ማሳው እንሄዳለን። እኔ የአቶ ኢስሃቅን ዳቦ ይዤ ተነሳሁ፤ ወፍጮውን ለማግኘት ቀናት ፈጀብኝ። ወፍጮው ቤት የተራገፉ ጆንያዎች ተከምረው አገኘሁ። አንዱን ገለበጥኩት። ከስፌቱ ውስጥ ሰባት ፍሬ ስንዴ ወደቀ፤ ስንጥቃቸው ውስጥ እንደ ድድ የቀላ ነገር አለ። መሐረቤን አርጥቤ ጠቀለልኳቸው። መሐረቡ ቀላ።

የማስረከቢያውን ወረቀት አሳዩኝ አልኳቸው። ሃያ ኩንታል፣ ጥቅምት 23፣ ከአሰላ። ስሙን ሳላነብ እጁን አወቅኩት። ፊደል ያስቆጠረኝ እጅ ነው፣ ወንድም ጋሼ። እንዴት አላውቀው?

ከዚያ ሮጥኩ። ዳቦ ቤቱ በር ላይ ሰልፉ እስከ መንገዱ ማዶ ደርሷል። በጓሮ ገባሁና «አቶ ኢስሃቅ፣ ምድጃውን ይዝጉ» አልኳቸው።

«ሰልፉን አላየሽም እንዴ ልጄ? ዳቦ ከለከሉ ቢባል እኮ አሻጥረኛ ተብለን ነው የምንሄደው።»

«ዱቄቱ መርዝ አለው።»

ተቆጥተው ሊመልሱልኝ አፋቸውን ከፈቱ፤ ከዚያ መሐረቡን አዩ። ቀጥሎ የገዛ እጃቸውን አዩ። «ይሄ ከወር ወዲህ የሚያንቀጠቅጠኝ» አሉ ቀስ ብለው፤ «እርጅና መስሎኝ።» የምድጃውን በር ዘጉና ሊጡ ላይ ባልዲ ሙሉ ላምባ ደፉበት። ሕዝቡ ሲጮህ፣ የቀበሌ ጥበቃ ሲመጣ፣ በሩ ላይ ቆመው «እኔ ነኝ የዘጋሁት» ሲሉ ሰማኋቸው። ዶክተር ተክላይ ደርሰው ባያስረዱ ኖሮ ሁላችንም እስር ቤት ነበርን።

የፒያሳው ቆመ። የቀረውስ? ወረቀቱ ላይ «ከስልሳው ሃያ» ይላል። አርባው የት ነው? እርስዎ ብቻ ነዎት የሚያውቁት። ደብዳቤ ሲፈጥን አምስት ቀን ነው፤ በአምስት ቀን ስንት ሰው ይበላል? ቴሌግራም በማግስቱ ይደርሳል፤ ግን የላከው ጸሐፊ ያነበዋል፣ የተቀበለው ያነበዋል፣ ካድሬውም ያነበዋል። ፖስታ ቤት ባንኮኒ ላይ ቆሜ ቅጹን ሁለት ጊዜ ቀደድኩት። በሦስተኛው ጻፍኩት፦ «ታጥቦ የመጣው የዘር ስንዴ መርዝ ነው። ሰው ተጎድቷል። አርባውን ኩንታል አስቁሙ።» ጸሐፊዋ አንብባ ቀና ብላ አየችኝ። ስሜን ሙሉውን ጻፍኩበት።

ይቅርታ ልጠይቅዎ ወይስ ልጩህብዎ፣ አላውቅም። አክስታችንን ያበላኋቸው እኔ ነኝ፤ በየማታው በወረቀት ጠቅልዬ፣ ትኩስ ትኩሱን። «አሥር ቀን ብቻ የበላ ሰው» ያሉኝስ ማን ነው? የጽሑፍዎ መስመር የተጣመመው እውነት በብዕሩ ነው?

እፀገነት

---

አሰላ
ጥር 15 ቀን 1972 ዓ.ም.

ለእፀገነት፤

የምጽፈው እኔ አልጋነሽ ነኝ። መርሻ ይናገራል እኔ እጽፋለሁ። ፊደሌ ገና ነው፣ ታገሽኝ። እሱ እንዲህ ይላል።

እፀዬ፣ ሰላምታ የማቀርብበት አፍ የለኝም። የጠየቅሽኝን ልመልስ።

መጋዘኑ ውስጥ ካለፈው ክረምት የተረፈ ስልሳ ኩንታል ቀይ ዘር ነበር። ካድሬው እጠበው አላለኝም፤ ሙላው ነው ያለኝ። ማጠቡ የራሴ ሐሳብ ነው። ወንዝ ወስደን ሦስት ጊዜ አጠብነው፣ አሰጣነው፣ ነጣ። ለዶሮ ሰጠሁ፤ ስምንት ቀን ጠበቅኩ፤ አልሞቱም። ከዚያ አስፈጭቼ ራሴ አሥር ቀን በላሁት። ለአልጋነሽ ግን አላቀመስኳትም። የእሷን ከሌላ ዱቄት ነው ያስጋገርኩት። «ለምን የእኔ ለብቻ?» ስትለኝ «ያንቺው ይጣፍጣል» አልኳት። አሁን ቁጭ ብዬ የማስበው ይህንን ነው። ደህና መሆኑን አምኜ ከነበረ ለእሷ ለምን ከለከልኩ? ካላመንኩ ደግሞ ለሰው ልጅ እንዴት ላክሁ?

የባሰውም አለ። ያ ስለ ዶሮዎቹ የጻፍሽልኝ ደብዳቤ ታኅሣሥ 19 ደረሰኝ። ያን ቀን አወቅኩ። ቴሌግራምሽ እስኪመጣ ድረስ ሃያ ቀን ዝም አልኩ። ምናልባት መምህሩ ተሳስተው ይሆናል እያልኩ፣ ምናልባት የአክስቴ ብርድ ነው እያልኩ። የስንዴውን ሃጢአት ፈርቼ ነው የሠራሁት ብል የሚረዳኝ አይጠፋም። የሃያውን ቀን ግን ማን ይረዳኛል?

ቴሌግራሙን ያመጣው መድኃኔ ነው፣ ቴሌ የሚሠራው ወዳጄ። ገብቶ በሩን ዘጋ። «ገና መዝገብ ላይ አላሰፈርኩትም» አለኝ። «ክብሪት አለህ? አቃጥለው፤ አልመጣም እላለሁ።» እንዲያነብልኝ ነገርኩት፤ ጎን ጎኑ አይታየኝም። አነበበልኝ። ስምሽን ሙሉውን ሲጠራ ሰማሁ። «መዝግበው» አልኩት። «መርሻ፣ ይገድሉሃል እኮ» አለኝ። «መዝግበው፤ የደረሰበትንም ሰዓት ጻፍ» አልኩት።

አርባው ኩንታል የሄደው ወደ አንድ የሠፈራ ጣቢያ ነው። በመጋዘኑ መኪና በዚያው ሰዓት ተነሳን። ሃያ ስድስቱን ሳይፈታ አገኘነው። አሥራ አራቱ ተበልቷል። ሰዎቹን አየኋቸው። የሠፋሪዎቹ ሊቀመንበር ወልደገብርኤል የሚባል ሽማግሌ፣ መልሰን ስንጭን ጆንያው ላይ ተቀመጠና «የራባቸውን ልጆች ምግብ የት ትወስዱታላችሁ?» አለ። «አባባ፣ መርዝ ነው፤ የላክሁት እኔ ነኝ» አልኩት። ይመታኛል ብዬ ጠበቅኩ። ተነስቶ ልጆቹን ሊጠራ ሄደ፤ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ወደቀ።

ይኸው ነው። ቴሌግራሙን በመላክሽ ይቅርታ እንዳትጠይቂኝ።

አሁን እኔ ነኝ አልጋነሽ። ይህን ካስጻፈኝ በኋላ በማግስቱ ጠዋት ፖሊስ ጣቢያ ልሂድ አለ። መንገዱ ስለማይታየው እጁን ይዤ ወሰድኩት። በሩ ላይ ሲደርስ «ከዚህ ወዲያ ብቻዬን» አለኝ። ገባ። እኔ ውጭ ቆምኩ። ከዚያ ፖስታ ቤት መጣሁ።

---

አዲስ አበባ፣ አፍንጮ በር
ግንቦት 12 ቀን 1972 ዓ.ም.

ይድረስ በእትዬ አልጋነሽ እጅ ለወንድም ጋሼ መርሻ፤

ሰባት ዓመት እስር እንደተፈረደብዎ ሰማሁ። እንዲያ እጅዎን ሰጥተው፣ ቴሌግራሙን አስመዝግበው ባይሆን ኖሮ ሌላ ፍርድ ነበር አሉን። ካድሬው ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወረ የሚለውንም ሰምቻለሁ። አራት ወር ሙሉ ያልጻፍኩት ተቀይሜ ነው ብዬ አልዋሽዎም፣ አልተቀየምኩም ብዬም አልዋሽዎም።

አቶ ኢስሃቅ በመጋቢት አረፉ። ከፒያሳና ከዶሮ ማነቂያ አሥራ አንድ ሰው ታሟል፤ ስማቸውን ሁሉ አውቃለሁ፣ በየሳምንቱ እጠይቃቸዋለሁ። ወደ ሠፈራው ጣቢያ ሐኪሞች ተልከዋል። ስንት እንደሞተ ጠይቄ ቁጥሩን ነገሩኝ። ይህን ደብዳቤ የሚያነብልዎ ሰው ፊት አልጽፈውም፤ አንድ ቀን ፊት ለፊት እነግርዎታለሁ።

ሥልጠናውን ጨርሼ ዱቄት ፋብሪካ ተመድቤያለሁ። ዶክተር ተክላይ ባለፈው ሳምንት ለአዲሶቹ ሠልጣኞች እንድናገር ጠሩኝ። ከባቡር የመጣ አንድ ወጣት «የመጋዘኑን ኃላፊ አግኝተሽው ታውቂያለሽ?» አለኝ። ዶክተር ተክላይ መልስ እንዳልሰጥ በዓይናቸው ጠቀሱኝ። «ወንድሜ ናቸው፤ ያሳደጉኝም እሳቸው ናቸው» አልኩ።

ከዚያ ወጥቼ ቤት ስገባ ለአክስታችንም ልነግራቸው ቆረጥኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ ስንዴው ከየት እንደመጣ አላወቁም ብዬ ነበር የማስበው። አልጋቸው ጫፍ ተቀመጥኩና ገና ሳልጀምር፣ «መርሻ ለጥምቀት ሳይመጣ ቀርቶ፣ ወሬውም ሲጠፋ፣ አንቺም ስሙን ስትሸሺ» አሉኝ፤ «ዓይኔ እንጂ ልቤ መች ታወረ? እሱ ነው?»

«እሳቸው ናቸው» አልኩ።

«የእኔው መርሻ?»

«አዎን።»

ወደ ግድግዳው ዞሩ። ሁለት ቀን በእጄ ውሃ እንኳ አልተቀበሉኝም። ጎረቤት መጥታ ነው ያጠጣቻቸው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት «እፀ» ብለው ጠሩኝ። «ልትጽፊለት ነው?»

«እንጃ።»

«ጻፊለት። ይቅር ብላሃለች ብለሽ ግን እንዳትጽፊ፤ ገና አላልኩም። እላለሁ ብዬም ቃል አልገባም።» ከዚያ የጋቢያቸውን ጫፍ በማይሰማው ጣታቸው እየፈለጉ «እዚያ ምን እንደሚያበሉት ጠይቂልኝ» አሉ።

ስለዚህ እጠይቅዎታለሁ፣ ወንድም ጋሼ። እዚያ ምን ይበላሉ?

እፀገነት